ሐብሐቡን የበሉት አይጦች

ኒሚያ ሳሙዲዮ ከቤተ ሙከራው ጓሮ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር፣ አግዳሚው ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ሞታ ተገኘች። የቀንድ ዋንጫዋ ጭኗ ላይ ተጋድሟል። ብረት መምጠጫው እግሯ ሥር ወድቋል። ፔርሙዟ ከጎኗ ቆሟል፤ ውስጡ ያለው በረዶ ገና አልቀለጠም። ከፔርሙዙ አጠገብ አንድ ቁራጭ የሐብሐብ ልጣጭ ነበር።

ኮሚሽነር ባሬይሮ ልጣጩን አየ። ዋንጫውን አየ። ሬሳዋን እንኳ በቅጡ ሳያይ ምርመራውን ጨረሰ።

"ሐብሐብ በልታ ቴሬሬ ጠጣችበት" አለ። "ምስኪን። በሉ አንሷት።"

ከቦ የቆመው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። በሳንታ ኤፊሄኒያ፣ ምን በሳንታ ኤፊሄኒያ ብቻ፣ በመላው ፓራጓይ፣ ሐብሐብ በልቶ በላዩ ቀዝቃዛውን የቅጠል ውሃ፣ ቴሬሬውን፣ የጠጣ፣ ወይም ቴሬሬ ጠጥቶ ሐብሐብ የበላ ሰው ይሞታል ሲባል ያልሰማ የለም። ከእናት ጡት ጋር የሚጠባ ነገር ነው። ሲሞት ያየ ግን ማንም አልነበረም፤ ስለዚህ ኒሚያ የመጀመሪያዋ ሆነችላቸው። ኮሚሽነሩም ደስ አለው። የጥር ፀሐይ አናት ሲበሳ፣ ጥላ ሥር እንደቆመ ሥራ የሚያልቅለት ሰው ለምን ደስ አይለው።

መርማሪ ግሬጎሪያ ኦርቲጎሳ ብቻ ራሷን አልነቀነቀችም። ጎንበስ ብላ ልጣጩን በመሐረብ አነሳችው። ጥርስ አልነካውም። ቀዩ ሥጋ በስለት ተፍቆ ወጥቷል፤ እንደታጠበ ሳህን ንጹሕ ነው። መሬቱን አየች። አንድም የተተፋ ፍሬ የለም።

"አለቃ፣ ይቺ ልጅ የማን ልጅ ናት?"

"የቅጠል ሻጯ፣ የእትዬ ዴይዳሚያ።"

"የቅጠል ሻጭ ልጅ፣ የሙቀጫ ድምፅ እየሰማች ያደገች ልጅ፣ በቴሬሬ ላይ ሐብሐብ ትበላለች? እርስዎ ይበላሉ?"

"እኔ ምን በወጣኝ።"

"እሷስ ምን በወጣት። ልጣጩን ሰው ነው ያስቀመጠው።"

ባሬይሮ ነገር ማክረር ትወጃለሽ አላት። ኦርቲጎሳ ግን ዓቃቤ ሕጉን አስፈርማ ሬሳውንም ፔርሙዙንም ለምርመራ ወደ ዋና ከተማዋ ወደ አሱንስዮን ላከች።

የዚያ ቤተ ሙከራ ሥራ ሲነገር ቀላል ነው። የገበያ ሴቶች ላበጠ ጉልበት፣ ለተቆጣ መገጣጠሚያ ብለው የሚወቅጡት ቅጠል ይመጣል። አይጧ መዳፏ ላይ ከባሕር አረም የተሠራ ዱቄት ተበጥብጦ ትወጋለች፤ መዳፏ ያብጣል። ከዚያ የቅጠሉን ውሃ ትጠጣለች። እብጠቱ ከቀነሰ ቅጠሉ እውነት ነው፤ ካልቀነሰ ወሬ ነው። የምትለካው ኒሚያ ነበረች።

አለቃዋ ዶክተር ኤቫሪስቶ ካባኛስ ይባላል። አንቱ መባል ይወዳል፤ እኔ ግን አንቱታዬን ለሚገባው ነው የማስቀምጠው። ነጭ ጋውኑ የተተኮሰበት መስመር ጣት ይቆርጣል። ሲናገር አገጩን ሽቅብ ያነሳል፤ ፊቱ የቆመው ሰው ሁሉ የሚሸተው ይመስል። ስሙን ያወጣው በቅጠል ሻጮች ቅጠል ነው፤ በየጉባኤው የሚያላግጠው ደግሞ በዚያው በቅጠል ሻጮች ላይ ነው። "የአሮጊት ተረት" ይላቸዋል። ሐብሐብና ቴሬሬ ይገድላል የሚለውን ሲያነሳማ አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። በቅርቡ ከእትዬ ዴይዳሚያ መደብ የወሰደውን የጉልበት ቅጠል ጨምቆ፣ በጠርሙስ ሞልቶ፣ እብጠትን ድራሹን የሚያጠፋ መድኃኒት አገኘሁ ብሏል። የውጭ አገር የመድኃኒት ፋብሪካ ሰዎች ሊፈራረሙት በመንገድ ላይ ነበሩ።

ኦርቲጎሳ ቢሮው ድረስ ሄዳ ጠየቀችው። ያን ቀን ጠዋት ከቢሮው ንቅንቅ እንዳላለ ነገራት።

"ከኒሚያ ጋር አብረው አልጠጡም?"

"የኔ እመቤት፣ እኔ ሥራ አለኝ።"

"ልጣጩን ማን ያስቀመጠው ይመስልዎታል?"

ዶክተሩ ሳቀ። "ተረት የሚያምን ሰው ነዋ። እኔን አገር የሚያውቀኝ ባለማመኔ ነው። ፍለጋሽን ከመሃይሞቹ ዘንድ አድርጊ። አይጥ ጠባቂያችን ሲንዱልፎ አለልሽ፤ በቀደም ከልጅቷ ጋር ተጣልተው ነበር።"

አንዲት ቃል ስለ ሟቿ አላለም። አብራው የሠራች ልጅ ናት፤ ስሟን እንኳ አልጠራም። ኦርቲጎሳ ይሄን ልብ አለች።

ውጤቱ ከአሱንስዮን መጣ። በኒሚያ ሆድ ውስጥ ሐብሐብ የሚባል ነገር የለም። ፔርሙዙ ውስጥ ግን፣ ከተወቀጠው ቅጠል መሀል፣ ለአጥር ጌጥ ተብሎ የሚተከል መርዛም ቁጥቋጦ ቅጠል ተገኘ። ልብ የሚያቆም ነው።

ዶክተሩ ይሄን ሲሰማ ለኮሚሽነሩ ስልክ ደወለ። ቅጠሉን የወቀጠችላት ማናት፣ እናቷ አይደለችም ወይ፣ ዓይኗስ ቢሆን ደክሟል አይደል፣ አለው። ባሬይሮ ሐብሐቡን እንደዋጠ ይሄንንም ሳያኝክ ዋጠው። ልጣጩስ ብትለው ኦርቲጎሳ፣ ልጣጭ የትም አለ አላት። እትዬ ዴይዳሚያን ገበያ መሀል፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ከመደባቸው ላይ አስነሷቸው። ገና የልጃቸውን ለቅሶ ያልጨረሱ ሴት ናቸው።

ኦርቲጎሳ ማረፊያ ቤት ገብታ አገኘቻቸው። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው እያዩት ነበር። የቀረበላቸው የአይብ ዳቦ፣ ቺፓው፣ እንደቀረበ ደርቋል።

"እትዬ ዴይዳሚያ፣ የዚያን ለት ጠዋት ምን ወቀጡላት?"

"ሁልጊዜ የምወቅጥላትን። ናና፣ የጉልበት ቅጠልም ትንሽ።" መዳፋቸውን ገለበጡት። "ልጄ፣ ዓይኔ እውነትም ደክሟል። ሰዎቹ የሚሉት ቢሆንስ? ይቺ እጄ ብትሆንስ?"

"አይደለችም።"

"በምን አወቅሽ?"

ሴትዮዋን ያስጨነቃቸው እስሩ እንዳልሆነ ለኦርቲጎሳ ገባት። የገዛ ልጄን ገድያታለሁ ወይ ነው ጭንቁ። ይሄን ሳያውቁ ነገ በሩ ቢከፈትላቸውም እስር ቤቱን ተሸክመው ነው የሚወጡት።

ከዚያ ወጥታ በቀጥታ ገበያ ሄደች። የቅጠል ሻጮች ሙቀጫ በደንበኛና በደንበኛ መሀል አይታጠብም። የአንዱ ቅጠል ጭማቂ ለሌላው ይተርፋል፤ እንዲያውም ጣዕሙ እሱ ነው የሚሉ አሉ። ኦርቲጎሳ ያን ጠዋት ከኒሚያ ቀጥሎ ማን አስወቀጠ ብላ ጠየቀች። አንድ የአውቶቡስ ሹፌርና አንዲት መነኩሲት ነበሩ። መነኩሲቷ እንደ ወትሮዋ ስትቆጣ አገኘቻት። ሹፌሩማ ጥሞት ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ሊያስሞላ መጥቶ ነበር። መርዙ እዚያ ሙቀጫ ውስጥ ገብቶ ቢሆን ሁለቱም ዛሬ በአፈር ሥር ናቸው።

ይሄን ለአለቃዋ ነገረችው።

"ጥሩ" አለ ባሬይሮ። "እንግዲያው ሲንዱልፎን እሰሪው።"

እናትየውን ግን አልለቀቀም። ይሄ ሰውዬ ገዳይ አይፈልግም፤ እጁ የደረሰበትን ሰው ነው የሚይዘው።

አይጥ ጠባቂው ሲንዱልፎ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሆዱን በእጁ ደግፎ የሚሄድ ሰው ነው። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"ከኒሚያ ጋር ምን አጣላህ?"

"አይጦቹን ቺፓ አበላኋቸው። 'የሚበሉት ተመዝኖ ነው፤ ልኬቴን ታበላሽብኛለህ' ብላ ተቆጣች። እውነቷን ነበር።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ በሞተችበት ቀን እኔ ተቆጣሁ።" አንገቱን ደፋ። "አይጦቹ ክፍል ስገባ ሳጥኖቻቸው ሁሉ ሐብሐብ በሐብሐብ ሆነዋል። ፍሬው ተዝረክርኳል፤ አይጦቹ አፋቸው ቀልቷል። እኔን ለቺፓ ተቆጥታ እሷ ሐብሐብ ታበላቸዋለች ብዬ ሰደብኳት። ብቻዬን ቆሜ ነው የሰደብኳት። ለካ እሷ ያኔ ውጪ ሞታለች። ይሄን ለማን ብዬ ልናገር?"

ኦርቲጎሳ ብዕሯን አስቀመጠች።

"የዚያ ክፍል ቁልፍ ማን ማን ዘንድ አለ?"

"እኔ። እሷ። ዶክተሩ።"

"ቴሬሬ ትጠጣለህ?"

"ጨጓራዬ አይችልም፤ ከተውኩት ቆየ። ሐብሐብ ግን ነፍሴ ነው። ያን የመሰለ ሐብሐብ ለአይጥ፣ ግፍ አይደለም?"

ከዚያ ኒሚያ በመጨረሻዎቹ ቀናት ምን ትሠራ እንደነበር ጠየቀችው፤ እሱም ነገራት። ልጅቷ የዶክተሩን ጠርሙስ መጠርጠር ጀምራ ነበር። ከእናቷ ሙቀጫ አዲስ የተወቀጠ የጉልበት ቅጠል እያመጣች ለብቻ ለለየቻቸው አይጦች ትሰጣለች። የእናቷ ቅጠል እብጠቱን ይቀንሳል፤ ግን ቀስ ብሎ ነው፣ ትንሽ ነው። የዶክተሩ ጠርሙስ እብጠቱን ጠራርጎ ያጠፋዋል። አንድ ቅጠል እንዴት ሁለት ጠባይ ይኖረዋል አለች። የፋብሪካው ሰዎች ሲመጡ ሁለቱንም አይጥ ጎን ለጎን አሳያቸዋለሁ ብላ ለዶክተሩ ራሱ በግልጽ ነገረችው። የዋህ ነበረች። እውነት ከተነገረው የሚያፍር መስሏት ነበር።

ኦርቲጎሳ ከዚያ ጠርሙስ አንዱን አሱንስዮን አስመረመረች። ውስጡ የቅጠሉ ጭማቂ አለ። ከጭማቂው ጋር ደግሞ በየመድኃኒት ቤቱ ለእብጠትና ለሕመም የሚሸጥ ተራ ኪኒን ተፈጭቶ ተቀላቅሏል። የአገር ሊቅ የተባለው ሰውዬ አዲስ ግኝት ይሄ ነበር። ኦርቲጎሳ በቤቱ በኩልም አለፈች። አጥሩ ላይ ያ መርዛም ቁጥቋጦ ሮዝ አበባውን አንዠርጎ ቆሟል፤ አንዱ ቅርንጫፍ ተቆርጦ ቁስሉ ገና አልደረቀም።

ይሄ ሁሉ ተይዞ ባሬይሮ አሁንም አላመነም። እንዲህ ያለ ቁጥቋጦ በየአጥሩ አለ፤ ሐብሐቡን አይጦቹ ክፍል ያስገባው ሲንዱልፎ ነው፣ ማንን ሞኝ ያደርጋል አለ። ኦርቲጎሳንም አንድ ነገር እየከነከናት ነበር። ገዳዩ የፈለገው ልጣጩን ብቻ ነው። መጣያ ውስጥ ቢጥለው ሥጋው ሊገኝበት ይችላል፤ እሺ። ግን በዚያ ሐሩር ቀዝቃዛ ሐብሐብ በእጁ ይዞ አይበላውም? አይጥ ክፍል ድረስ ምን አስኬደው?

ይሄን እያሰላሰለች ጣቢያው በረንዳ ላይ ቴሬሬዋን ትጠጣለች። አንድ ባልደረባዋ ሐብሐብ ቆርሶ ዘረጋላት። እጇ ከሐሳቧ ቀድሞ ሸሸ። ከዚያ ብቻዋን ሳቀች። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም።

በማግሥቱ የቀዘቀዘ ሐብሐብና ፔርሙዟን ይዛ ዶክተሩ ቢሮ ገባች። ባሬይሮን በግድ አስከትላዋለች፤ በሩ ላይ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል። ኦርቲጎሳ ነገሩ ሊያልቅ ስለሆነ ጥቂት ጥያቄ ብቻ እንደቀራት ተናገረች፣ ሐብሐቡን ቆርጣ አቀረበች። ዶክተሩ ሙቀቱን ረግሞ በላ። አገጩ ላይ የወረደውን በመሐረቡ እየጠረገ፣ ስለ ፋብሪካው ሰዎች እያወራ፣ ደግሞ በላ። እሷ አልነካችም።

ከዚያ ዋንጫዋን አወጣች። ቀዳች፣ መጀመሪያ ራሷ ጠጣች፣ እንደገና ቀዳችና ዘረጋችለት።

"አመሰግናለሁ" አለ ዶክተሩ፣ መዳፉን አንስቶ።

እኛ ዘንድ ዋንጫው ሲዞር የሚያመሰግን የጠገበ ሰው ብቻ ነው። በቃኝ፣ ሌላ አትቅዱልኝ ማለት ነው።

"ገና ሳይጀምሩ?" አለች ኦርቲጎሳ።

"ዛሬ ሆዴ ደስ አላለኝም።"

"ሐብሐቡ ነው?"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ተረት ነው ብለውኛል። አዳራሽ ሙሉ ሰው አስቀውበታል። አንድ ጉንጭ ብቻ፣ ዶክተር። ከዚሁ እኔም ስጠጣ አይተዋል። እኔ ሐብሐቡን ያልበላሁት ስለማምን ነው፤ አላፍርበትም። እርስዎ ግን አያምኑም።"

ዋንጫው በመካከላቸው ቆየ። ዶክተሩ እጁን ዘረጋ፤ እጁ ከግማሽ መንገድ ተመለሰ። በሩ ላይ ባሬይሮ ለራሱ የተዘረጋለት ይመስል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ።

ኦርቲጎሳ ዋንጫውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አንቱታውንም አብራ አስቀመጠችው።

"አንተ ነህ" አለችው። "ከሷ ጋር ተቀምጠህ ጠጣህ። በገዛ እጇ እየቀዳች አጠጣችህ። ሲበቃህ አመሰገንካት፤ ዞር ስትል የአጥርህን ቅጠል ፔርሙዟ ውስጥ ጨመርክ። እስክትሞት ጠብቀህ ልጣጭ ልታስቀምጥላት ሐብሐብ ቆረጥክ። ሥጋውን መብላት ነበር የቀረህ፤ ብትበላው ኖሮ ማንም አያውቅብህም ነበር። ግን ቴሬሬ ጠጥተሃል። ሰው ገድለህ፣ ሐብሐብ ፈራህ። ስለዚህ ለአይጦቹ ሰጠሃቸው። ሲንዱልፎ ቢሆን ቴሬሬ አይጠጣም፤ ልጣጩን ሳይቀር ይልሰው ነበር።"

ዶክተሩ ወደ ባሬይሮ ዞረ። ከዚያ በኩል ምንም አላገኘም።

"ጠርሙስህንም አስመርምሬዋለሁ" አለች። "ከመድኃኒት ቤት የገዛኸውን ኪኒን አግኝተውታል።"

ያኔ አገጩ ወረደ። ድምፁ ግን ገና ሽቅብ ነበር። "አንዲት የገበያ ሴት በእንጨት የምትወቅጠውን አረም ለዓለም ላወጣው ነበር። ለዚህ አገር ስም ላመጣ ነበር። የቅጠል ሻጭ ልጅ፣ እኔ ያስተማርኳት፣ አይጥ ይዛ እንግዶቼ ፊት ልታዋርደኝ! ቅጠሉ ብቻውን ምን ይሠራል? ትንሽ! ለትንሽ ማን ይፈርማል?"

"ስለዚህ ገደልካት።"

ዶክተሩ ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ ነበር፤ ጠብታ ቴሬሬ ሳይቀምስ የሐብሐቡ ፍርሃት ብቻውን ሲያስጨንቀው ይታያል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የዚህን ውዳቂ ግን ሐብሐብ አወጣው። ባሬይሮ ካቴናውን ያጠለቀለት ከመጀመሪያውም ጠርጥሬው ነበር እያለ ነው። እሱን የሚሰማ አልነበረም።

ኦርቲጎሳ ማረፊያ ቤቱን ራሷ ከፈተች።

"እትዬ ዴይዳሚያ፣ እጅዎ አይደለም። ካባኛስ ነው። ለምን እንደገደላት በራሱ አንደበት ነግሮኛል።"

እትዬ ዴይዳሚያ ወዲያው አልተነሱም። "ምን አደረገችው ልጄ?" ብለው ጠየቁ።

ኦርቲጎሳ ነገረቻቸው። የሱ ጠርሙስ ውሸት እንደሆነ፣ ኒሚያ የእናቷን ቅጠል በሐቅ እንደለካችው፣ እብጠቱን ትንሽ እንደሚቀንስ አግኝታ ይሄንኑ ልትናገር እንደነበር።

"ትንሽ አለች?"

"ትንሽ።"

"እውነቷን ነው" አሉ። "እኔም ለሰው ስሰጥ ትንሽ ያሽርዎታል ነው የምለው።" ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት።

ወደ መደባቸው ሲመለሱ ገበያው አልተመለሰላቸውም። ስማቸው ነጽቷል፤ በሬዲዮ ሳይቀር ተነግሯል። ሰው ግን ሰላም ይላቸውና ሁለት መደብ አልፎ ሌላ ዘንድ ያስወቅጣል። ትናንት ከንፈሩን የመጠጠላቸው ሁሉ ዛሬ ፔርሙዙን አቅፎ በጎን ያልፋል። ፈሪ ሁላ። ሙቀጫቸው ደርቆ ተቀምጧል።

ኦርቲጎሳ መጣች፤ ፔርሙዟንና ዋንጫዋን መደቡ ላይ አስቀመጠች።

"ናና፣ የጉልበት ቅጠልም ትንሽ" አለች።

እትዬ ዴይዳሚያ አንድ አንዱን ቅጠል ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ አሸተቱ፣ በጣታቸው አሹ። ወቀጡ። ፔርሙዙ ውስጥ ጨመሩ፣ ቀዱ። ዋንጫውን ግን አልሰጧትም፤ ቀድመው ሊቀምሱላት ወደ ገዛ አፋቸው ወሰዱት። አቀማመሳቸው የቀማሽ አልነበረም፤ መርዝ ካለው እኔን ይግደለኝ የሚል ነበር።

ኦርቲጎሳ እጃቸውን ያዘች። ዋንጫውን ቀስ ብላ ወሰደችና ገበያው ሁሉ እያየ መምጠጫው እስኪጮህ መጠጠችው።

አላመሰገነችም። ባዶውን ዋንጫ መለሰችላቸው፤ እትዬ ዴይዳሚያም ደግመው ቀዱላት።